ጎማ ሲቀየር የሚነገሩ ተረቶች

ከአዲስ አበባ አምቦ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ አምቦ ይገባል፤ ከዚያም በጉደርና በጌዶ አድርጎ ወደ ባኮ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ አስፋልቱ ላይ ውሃ ይተኛል፤ ከአስፋልቱ ሲወጡ ደግሞ ኮረኮንችና ጭቃ አለ። ቤተሰብ ጭና በዚህ መንገድ የምትመላለስ ኮሮላ መሬት የምትነካው መዳፍ መዳፍ በሚያህሉ አራት ቦታዎች ብቻ ነው። ጎማ የሚቀየርበት ቀን ሲደርስ ታዲያ ከጎሚስታው ደጅ እስከ ሻይ ቤት መካሪው ብዙ ነው። የትኛው ምክር ይያዝ?

ተረት፦ «ጎማው ጥቁር ሆኖ ካብረቀረቀ አዲስ ነው።»

እውነታ፦ ማብረቅረቅ በቅባትም ይመጣል። ዕድሜውን የሚናገሩት በጎማው ጎን «ዲ.ኦ.ቲ.» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች ናቸው፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ። ልብ ይበሉ፣ ዘመኑ የፈረንጆች ነው። «3517» የሚል ጎማ ያየ ሰው «የ2017 ነው» ብሎ ደስ ሊለው ይችላል። ጎማው ግን የተሠራው በፈረንጆች 2017፣ በ35ኛው ሳምንት፣ ማለትም በእኛ ነሐሴ 2009 ነው። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፤ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ብዙ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ አሥር ዓመት ከሞላው ጥርሱ ቢኖርም እንዲቀየር ይመክራሉ። ቁጥሩን በአንዱ ጎን ካጡት ገልብጠው ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የሚታተመው በአንድ በኩል ብቻ ነው።

ተረት፦ «ለኮረኮንች ተለቅ ያለ ጎማ ይሻላል።»

እውነታ፦ በ195/60 አር 15 ፈንታ 195/65 አር 15 ቢገጥሙ ጎማው በቁመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ያኔ የፍጥነት መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ያሳያል፤ ሰውና ዕቃ ሲሞላ ደግሞ ጎማው ፓራፋንጎ ሊነካ ይችላል። ከመጠኑ ቀጥሎ ያለውንም ቁጥር ይዩ፦ 88 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 560 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። መኪናዎ ከሚጠይቀው ያነሰ አይግዙ።

ተረት፦ «ሁለት አዲስ ጎማ ከገዛህ ከፊት ግጠም፤ መሪው እዚያ ነው።»

እውነታ፦ ይህን ብዙ ሰው ያምነዋል፤ የጎማ አምራቾች የሚመክሩት ግን ተቃራኒውን ነው። በእርጥብ መንገድ የፊቱ ከተንሸራተተ ሾፌሩ በመሪው ይሰማዋል፣ ፍጥነት ቀንሶ ሊመልሰው ይችላል። የኋላው ከሸሸ ግን መኪናው ይዞራል፤ ያን መመለስ ልምድ ላለው ሾፌርም ከባድ ነው። ስለዚህ ደህናዎቹ ወደ ኋላ። በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ ደግሞ አንድ ዓይነት ይሁኑ።

ተረት፦ «በመጥፎ መንገድ ነፋስ መቀነስ ጎማ ያቆያል።»

እውነታ፦ ነፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይሞቃል፣ ዳርና ዳሩ ይበላል፤ ጉድጓድ ሲገባም በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ይቀጠቀጣል። ሲበዛ ደግሞ መሐሉ ይበላል። ትክክለኛው ልክ ብዙውን ጊዜ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ ጎማው ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የሚሞላው ልክ አይደለም። የሚለካውም ጠዋት ሳይነዱ ነው፤ አዲስ አበባ አድሮ አምቦ የደረሰ ጎማ ሞቆ ስለሚጨምር «በዛ» ብለው አያስተንፍሱት።

ተረት፦ «ቸርኬው ተጣሞ ነፋስ ካስወጣ ከመነዳሪ ማስገባት ነው።»

እውነታ፦ ያለ ከመነዳሪ እንዲሠራ በተሠራ ጎማ ውስጥ ከመነዳሪው እየተፋተገ ይሞቃል፤ ሲፈነዳም ነፋሱ ባንዴ ይወጣል። ቸርኬውን ያስጠግኑ ወይም ይቀይሩ።

ተረት፦ «ጥርሱ ገና ይታያል፣ አንድ ክረምት ይችላል።»

እውነታ፦ በጥርሶቹ መካከል ባሉት ቦዮች ውስጥ አነስተኛ ጉብታዎች አሉ፤ ቁመታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ የጎማው ዕድሜ አብቅቷል። ውሃ የመግፋት አቅሙ ግን ከዚያ ቀድሞ ስለሚደክም ጥርሱ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ፣ ሰኔ ሳይገባ፣ ቢቀይሩ ይሻላል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጎማም የታተመበትን አይለቅም። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ጎንበስ ብለው ያንብቡት።