ስለ ማርና ስለ ጠጅ የሚመሰክሩ ሁለት መሣሪያዎች

በደብረ ወርቅና በአካባቢዋ፣ በዘመነ ጽጌ አበባው ሜዳውንና ሸንተረሩን ሸፍኖት ሰንብቶ ማር የሚቆረጥበት ጊዜ ሲደርስ፣ ሰሙ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ፣ ማሩ ለገበያና ለጠጅ ሲለይ፣ ስለ ማሩ መልካምነት ፍርድ የሚሰጠው ከጥንት ጀምሮ የባለሙያ ዓይንና ምላስ ነው። በማንኪያ ሲያነሡት ሳይበጠስ የሚወርደውን «የበሰለ ነው»፣ የሚንጠባጠበውን «ውሃ አለበት» ይሉታል፤ ፍርዱም አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ዳሩ ግን በሩቅ አገር ሆኖ ሳይቀምስ የሚገዛ ነጋዴ ቁጥር ይጠይቃልና፣ ለዚህ የሚመሰክሩትን መሣሪያዎች ማወቅ ይገባል።

አንደኛው ሪፍራክቶሜትር ይባላል። ብርሃን ከአንድ ግልጽ አካል ወደ ሌላው ሲሻገር ጎዳናው ይሰበራል፤ የስብራቱም መጠን በፈሳሹ ውስጥ እንደ ሟሟው ነገር ብዛት ይለያያል። ጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት አቤ በዬና ከተማ ከካርል ዛይስ ጋር ሲሠራ በዚህ ጠባይ ላይ ተመሥርቶ መሣሪያውን አበጀ፤ በ1874 እንደ አውሮፓ አቆጣጠርም ስለ አሠራሩ ጽፎ አሳተመ። የንጹሕ ውሃ የስብራት ልክ 1.333 ሲሆን፣ ከመቶ 20 እጅ ውሃ ያለበት ማር 1.484 ያህል ነው። በእጅ በሚያዘው ዓይነት የሚመረምር ሰው፣ በመስተዋቱ ላይ አንድ ጠብታ ማር አኑሮ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ ወደ ብርሃን አቅንቶ ቢመለከት፣ ሰማያዊውና ነጩ የሚገናኙበት መስመር በቁጥሩ ላይ አርፎ የውሃውን መጠን ይነግረዋል። ልኩ የተሠራው ለ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ፣ በደጋ ማለዳ ብርድ የተነበበው ቁጥር መታረም አለበት። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ በጠቅላላው ከመቶ ከ20 እጅ የበለጠ ውሃ ለማር አይፈቅድም፤ ውሃው ሲበዛ እርሾ ይነቃና ማሩ በተቀመጠበት ይፈላልና።

በማር ላይ ነውር የሆነው መፍላት ለጠጅ ግን ዋና ግብሩ ነው፤ ይህን የሚከታተለውም ሁለተኛው መሣሪያ፣ ሃይድሮሜትር፣ በግርጌው እርሳስ የተቀመጠበት፣ አንገቱ ቀጭንና ባለ ቁጥር የሆነ የብርጭቆ ዕቃ ነው። ዘሩ ጥንታዊ ነው፤ በ400 ዓ.ም. ገደማ ሲኔስዮስ የተባለው የቀሬና ሰው፣ ኋላም ጳጳስ የሆነው፣ ይህን የመሰለ መሣሪያ እንድታሠራለት ለእስክንድርያዪቱ ፈላስፋ ለሃይፓትያ በደብዳቤ ለምኗል። ብርዝ ከውሃ ስለሚከብድ መሣሪያው በውስጡ አንገቱን አስግጎ ይቆማል፤ ስኳሩ ወደ አልኮል ሲለወጥ ግን፣ አንድ ሊትር አልኮል የሚመዝነው 789 ግራም ያህል ብቻ ነውና፣ ጠጁ እየቀለለ መሣሪያው ዕለት ዕለት ይጠልቃል፤ መጥለቁን ሲያቆምም መፍላቱ ማብቃቱን ያስረዳል።

ይሁን እንጂ መሣሪያ ከተጠየቀው በቀር አይመሰክርም። ሪፍራክቶሜትር የሚናገረው ስለ ውሃው መጠን እንጂ ስለ ማሩ ንጽሕና አይደለምና፣ ስኳር ተፈልቶ የተቀላቀለበት ማር ውሃው አነስተኛ ከሆነ ያለ ነቀፋ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የንብ አርቢዎች ማኅበራት መሣሪያውን ገዝተው ቢጠቀሙበት መልካም ነው፤ የባለሙያውን ምላስ ግን አያሰናብቱ።