ናኖ ሳይንስ ምንድን ነው? ለልጆቻችንስ ይበጃልን?

አንባቢ ሆይ፤ ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ በምትገኝ አንዲት ሻይ ቤት ከአንድ አባትና ከልጃቸው ጋር ተቀምጬ ነበር። ልጅቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ ናት፤ እኔ የኬሚስትሪ መምህሯ ነኝ። ቤተሰቡ ከአያት ጀምሮ የኖረው በካዛንችስ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ወደ ከተማው ዳር ተዛወረ። ልጅቱ ግን ትምህርት ቤቷን አልለወጠችም፤ ገና ሳይነጋ ተነሥታ በሁለት ታክሲ ቂርቆስ ትደርሳለች። አባቷ ፒያሳ በወርቅ ሠሪነት ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው።

እኔ የተጠራሁት ለዳኝነት ነው። «መምህር» አሉኝ አባትየው፤ «ይህች ልጅ ሐኪም ትሆናለች ብዬ ስጠብቅ፣ ናኖ ሳይንስ እማራለሁ አለችኝ። ነገሩን ብጠይቃት በዐይን የማይታይ ነው ትለኛለች። በዐይን የማይታይ ነገር ተምራ በዐይን የሚታይ እንጀራ ታገኛለች ወይ? እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ጥያቄው የእኚህ አባት ብቻ አለመሆኑን ስለማውቅ፣ ለእሳቸው የመለስሁትን ለአንባቢም ማካፈል ወደድሁ።

«ናኖ» የሚለው ቃል ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ ድንክ ማለት ነው። አንድ ሚሊሜትር ለአንድ ሚሊዮን ቢከፈል እያንዳንዱ ክፋይ አንድ ናኖሜትር ይባላል። የሰው ጠጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር ይደርሳል፤ ቀይ የደም ሕዋስ 7,000 ገደማ ነው። ናኖ ሳይንስ የሚመረምረው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ያለውን ዓለም ነው። ይህም ከቤታችን የራቀ አይደለም፤ በድስት ቂጥ ላይ የሚለጠፈው ጥላሸት እጅግ ደቃቅ ከሆኑ የካርቦን ቅንጣቶች የተሠራ ነው፤ የእያንዳንዷም ስፋት በአሥር ናኖሜትሮች የሚቆጠር ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ከዚሁ ጥላሸት ቀለም በጥብጠው ለብዙ መቶ ዓመታት የማይደበዝዝ መጽሐፍ ጽፈዋል። ስሙን አያውቁት እንጂ ሥራውን ያውቁት ነበር።

ታዲያ ማነስ ብቻውን ምን ይጠቅማል? ነገር ሲያንስ ጠባዩ ይለወጣል፤ ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ለወርቅ ሠሪው አባት የሰጠሁት ምሳሌ ወርቅ ነበር። በየጎኑ አንድ ሳንቲሜትር የሆነ የወርቅ ኩብ 19 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የገጹም ስፋት ሲደመር 6 ካሬ ሳንቲሜትር ነው። ይህንኑ ወርቅ በየጎናቸው 10 ናኖሜትር ወደሆኑ ኩቦች ብንቆራርጠው፣ ክብደቱ ያው ሆኖ ሳለ ገጹ ወደ 600 ካሬ ሜትር ይሰፋል። ቀለሙም ቢጫ መሆኑ ይቀራል። እንዲህ ያለ ደቃቅ ወርቅ በውሃ ውስጥ ሲበተን ቀይ ይሆናል፤ በቅንጣቶቹ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ብርሃን ሲነካቸው በአንድነት ተወዛውዘው አረንጓዴውን ወገን ሲያስቀሩ ቀዩ ያልፋልና። እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ ይህን ቀይ ወርቅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1857 መርምሮታል።

«አርባ ዓመት ወርቅ አቅልጫለሁ፤ ቀይ ሆኖ ግን አላየሁም» አሉ አባትየው።

ይህን አስቀድሜ ጠርጥሬ ስለነበር፣ ጤና ጣቢያ ከምትሠራ ጎረቤቴ ጊዜው ያለፈበት አንድ የወባ መመርመሪያ ለምኜ በኪሴ ይዤ ነበር። በቆላው አገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከበሽተኛው ጣት አንዲት ጠብታ ደም ወስደው በዚህች መሣሪያ በሩብ ሰዓት ገደማ የሚፈርዱት ነው። ፈሳሹን ጠብ አድርገንበት ሻያችንን ስንጠጣ፣ በነጩ ወረቀት ላይ አንዲት ቀይ መስመር ብቅ አለች። «ይህች መስመር ወርቅ ናት» አልኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩዋት። «ስንት ግራም ይወጣታል?» ብለው ቢጠይቁ ልጅቱ ሣቋን መያዝ አቃታት።

ታሪኩን በአጭሩ ለማስታወስ ያህል፣ የአፍሪካ አዳራሽ በካዛንችስ አጠገብ ይገነባ በነበረበት ጊዜ፣ በታኅሣሥ 1952 ዓ.ም.፣ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን ሰው አተሞችን አንድ በአንድ አንሥቶ የሚያስቀምጥበት ቀን እንደሚመጣ በአንድ ንግግሩ ገልጦ ነበር። በፈረንጅ 1981 በዙሪክ የሚሠሩት ቢኒግና ሮረር አተምን ለማየት የሚያስችል መሣሪያ ሠሩ፤ በ1986ም የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። በ2023 ደግሞ የኬሚስትሪው ኖቤል በመጠናቸው ቀለማቸውን ለሚለዋውጡ የናኖ ቅንጣቶች ሥራ ተሰጠ። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ከተሠሩት ክትባቶች አንዳንዶቹ ወደ ሰውነት የገቡት በናኖ መጠን በተሠሩ የስብ ቅንጣቶች ተጠቅልለው ነው።

ለአገራችንም ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የሕፃናት ጥርስ ይበልዛል፤ ሲብስም አጥንት ይጎብጣል። የዓለም የጤና ድርጅት የመከረው በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው። ፍሎራይድን ይዞ የሚያስቀር ነገር ገጹ በሰፋ መጠን ብዙ ይይዛል፤ ያ የ600 ካሬ ሜትር ሒሳብ እዚህ ላይ የሕፃን ጥርስ ጉዳይ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ትምህርቱ የት ይገኛል? በዴንማርክ በኮፐንሀገንና በኦርሁስ፣ በስዊዘርላንድም በባዝል ዩኒቨርሲቲ፣ ናኖ ሳይንስ በመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል፤ ተማሪው ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪን፣ ባዮሎጂንና ሒሳብን አንድ ላይ ይማራል። በአገራችን የተለመደው መንገድ ግን በመጀመሪያ ዲግሪ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ ወይም የማቴሪያል ምሕንድስና ተምሮ፣ ናኖውን ከዚያ በኋላ መከተል ነው። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የናኖ ቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል አለው። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የማቴሪያል ሳይንስና ምሕንድስናን ያስተምራል።

ከሁለቱ መንገዶች የትኛው ይሻላል ብትሉኝ፣ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ከአራቱም ትምህርት ትንሽ ትንሽ የቀመሰ ተማሪ አንዱንም ሳይጠግብ የመውጣት አደጋ አለበት። በአዲስ አበባ የተወለደችውን ሶስና ኃይሌን ተመልከቱ። አባቷ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የግእዝ ብራናዎችን በመመርመር ዓለም ያወቃቸው ሊቅ ነበሩ። ልጅቱ በአሜሪካ የማቴሪያል ሳይንስ ተማረች፤ በፈረንጅ 1992 የዶክትሬት ዲግሪዋን ተቀበለች፤ ቀጥሎም ነዳጅን ሳያቃጥሉ ኤሌክትሪክ የሚያወጡ ሴሎችን ከጠጣር አሲድ በመሥራት ስሟ ታወቀ። የከፍታዋ መሠረት ጠንካራ ትምህርት እንጂ የዲግሪዋ ስም አዲስነት አልነበረም።

ነገር ግን አባትየው የፈሩት ነገር ከንቱ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4። በዚህ ጠባብ በር ያለፈ ልጅ ምርጫው ቢሳሳት ቤተሰቡ ሁሉ ይከፍላል። ሐኪም ሲመረቅ ሥራው ምን እንደሆነ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ የናኖ ተመራቂ ግን ሥራውን ራሱ ማስረዳት፣ አንዳንዴም ራሱ መፍጠር ይኖርበታል። ይህን ከልጅቱ አልሸሸግሁም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ትምህርት ሲመርጥ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የሒሳብና የፊዚክስ ውጤቱ ምን ያህል ነው? ሁለተኛ፣ በሚገባበት ዩኒቨርሲቲ ተማሪው መሣሪያውን በእጁ ይነካል ወይስ በሥዕል ብቻ ያየዋል? ሦስተኛ፣ ከእርሱ በፊት የተመረቁት ዛሬ የት ናቸው? ስለ ስሙ ማማር ግን አትጠይቁ።

እኛ መምህራንም ነጻ አይደለንም። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የላቦራቶሪው ቁም ሣጥን ቁልፍ ሰው እጅ ከገባ ቆይቷል፤ ተማሪዎቼ ስለ አሲድ የሚያውቁት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። በዐይን የሚታየውን ያልነካ ልጅ የማይታየውን ይመረምራል ብሎ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው። ሰኞ ጧት ቁልፉን ጠየቅሁ፤ እስካሁን አልተሰጠኝም፤ መጠየቄን ግን አልተውሁም።

አባትየው ሻዩን ከፈሉ፤ እምቢ ብል አልሰሙኝም። ሲነሡ ያችን መመርመሪያ በመሐረባቸው ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። «ፒያሳ ላሉት ባልደረቦቼ አሳያለሁ» አሉ። ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞር ብለው፣ «በይ እንግዲህ ፊዚክሱን አጥኚ፤ ከፈተናው በኋላ እንነጋገራለን» አሏት። እሽታም እምቢታም አልነበረም። ልጅቱ ግን ደብተሯን ታክሲው ውስጥ እንደ ከፈተችው ነግራኛለች።