«ዝርያ» በጓሮ አትክልት መጻሕፍት ትርጉም

ስለ ጓሮ አትክልት የተጻፉ የውጭ መጻሕፍት ወደ አማርኛ ሲመለሱ ደጋግሞ የሚያጋጥመን ቃል «ዝርያ» ነው። ይህ ቃል በአሁኑ አሠራር ለሁለት ጌቶች ያድራል። በሥነ ሕይወት ትምህርት ከ«አስተኔ»ና ከ«ወገን» ቀጥሎ የሚመጣውን፣ እርስ በርሱ የሚራባውን የፍጥረት ክፍል ይሰይማል። በግብርናው ዘርፍ ግን በዚያው ክፍል ውስጥ በመልክ፣ በጣዕም ወይም በመድረሻ ጊዜ የሚለያዩትን ይሰይማል፤ «የተሻሻለ ዝርያ» ሲባል የሚታሰበው ይኸኛው ነው። ነገሩ የምሁራን ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣነውም ነበር። ዘሩን ከገዛ ጓሮው ለሚያስቀር ሰው ግን ጉዳዩ የሚበላውንና የማይበላውን የመለየት ጉዳይ ነው።

በደቡብ ወሎ የሐይቅንና የአምባሰልን ጓሮዎች ለምሳሌ እንውሰድ። በአጥር ላይ የሚጎተቱት ዱባና ቅል ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለው ተረት ግን ይለያቸዋል፤ የዕፅዋት ተመራማሪም ከተረቱ ጋር ይስማማል። የዱባ አበባ ቢጫ ሆኖ በማለዳ ይፈካል፤ የቅል አበባ ነጭ ሆኖ ወደ ምሽት ይፈካል። በወገንም ስለሚለያዩ ጎን ለጎን ቢበቅሉ አይዳቀሉም። ዱባ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ሲሆን ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የተረቱን ዕድሜ ለመገመት የሚሻ ሰው ግን ይጠንቀቅ። «ዱባ» ከዐረብኛው «ዱባእ» ጋር የሚዛመድ ስም ነው፤ በጥንቱ ዐረብኛ ደግሞ «ዱባእ» የሚባለው ቅል ነበር። ስለዚህ ስሙ ከተክሉ ቀድሞ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

አሁን አንድ ተርጓሚ «የተለያዩ ዝርያዎች በቀላሉ አይዳቀሉም» ብሎ ጻፈ እንበል። በመጀመሪያው ትርጉም ዐረፍተ ነገሩ እውነት ነው፤ በሁለተኛው ሐሰት ነው። ለጌጥ የሚተከለው ዝንጉርጉር ትንሽ ዱባና ለምግብ የሚተከለው ዙኪኒ መልካቸው እጅግ የተራራቀ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ኩኩርቢታ ፔፖ ናቸው። ንብ የአንዱን ብናኝ ወደ ሌላው ብታደርስ በዚያ ዓመት ፍሬው አይለወጥም። የሚለወጠው በውስጡ ያለው ዘር ነው። በተከታዩ ዓመት ከዚያ ዘር የሚበቅለው ፍሬ ኩኩርቢታሲን የተባለውን መራራ መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ ይህም መርዝ በመቀቀል አይጠፋም። ምክሩን አምኖ ሁለቱን ጎን ለጎን የተከለ አንባቢ የቃላችንን ብዥታ በምላሱ ይቀምሰዋል።

በጎመንም ላይ ዐይን ይታለላል። ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመን ባይመሳሰሉም ዝርያቸው አንድ ስለሆነ ይዳቀላሉ። የአበሻ ጎመን ግን ሌላ ዝርያ ነው። ዩ የተባለው ተመራማሪ በ1935 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ የአበሻ ጎመን ከሰናፍጭና ጥቅል ጎመን ከሚመደብበት ዝርያ መዳቀል የተገኘ ነው፤ የሰናፍጭ 16 እና የዚያኛው 18 ክሮሞሶሞች ተደምረው 34 ሆነዋል።

አንድ ቃል ከትርጉም ወደ ትርጉም መሻገሩ በራሱ ጥፋት አይደለም። «ሐይቅ» ራሱ በግእዝ የባሕርን ዳር ይሰይም ነበር፤ በአማርኛ ውሃውን ሰየመ። ለዳሩም «ዳርቻ» ስለተገኘለት የተጎዳ የለም። «ዝርያ» ግን ሁለቱንም ትርጉሞች እንደ ያዘ ቀርቷል።

ስለዚህ «ዝርያ» ለመጀመሪያው ትርጉም ብቻ እንዲቀር፣ ለሁለተኛው «የዘር ዐይነት» እንዲባል እንመርጣለን። በ«ክፍለ መደብ» አምሳል «ክፍለ ዝርያ» ማለት ይቻል ነበር፤ ሆኖም የሰው እጅ መርጦ ያቆየውን ዘር የተፈጥሮ ደረጃ ያስመስለዋል፤ ለአትክልተኛውም ጆሮ እንግዳ ነው። «ምርጥ ዘር» በሕዝብ ዘንድ የጸና ስለሆነ አይነካ። ከላይ የጠቀስነው ምክርም እንዲህ ቢስተካከል ይሻላል፦ «ዝርያቸው አንድ የሆነ የዘር ዐይነቶች ይዳቀላሉ፤ ለዘር የሚፈለገው የሴቴ አበባ በዋዜማው ማታ ይታሰር፤ በማለዳ ከራሱ የዘር ዐይነት በተወሰደ፣ እንዲሁ ታስሮ ባደረ ወንዴ አበባ ብናኝ ተነክቶ እንደገና ይታሰር።»