የሰመመን እንፋሎትና የነርቭ ምስክርነት

የጎበጠ አከርካሪን በብረት ዘንግና በብሎን የሚያቃና ሐኪም፣ ሥራው ከሕብለ ሰረሰር አጠገብ፣ ከአንጎል ወርዶ እግርን ከሚያስኬደውና የእግርን ሕማም ወደ አንጎል ከሚያደርሰው ከዚያ ስስ የሥጋ ገመድ በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ስለ ሆነ፣ ገመዱ ቢወጠር ወይም ደም ቢያጥረው ፈጥኖ የሚነግረው ምስክር ያስፈልገዋል፤ ዋነኛው ምስክር ግን፣ ሕሙሙ ራሱ፣ በሰመመን ተኝቷል።

ስታኛራና ባልንጀሮቹ የፈረንሳይ ሐኪሞች በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት ብልሃት፣ ሕሙሙን በቀዶ ጥገናው መካከል ጥቂት አንቅቶ እግሩን እንዲያንቀሳቅስ ማዘዝ ነበር። ዛሬ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ኤሌክትሪክ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ላይ የተሰጠው ንዝረት ሽቅብ ወጥቶ በ40 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ራስ ላይ በተተከሉት ኤሌክትሮዶች እንደ ትንሽ ሞገድ ሲታይ፣ ሌላው ደግሞ ከራስ ተነሥቶ ቍልቍል በመውረድ የእግርን ጡንቻ ያነቃንቃል።

ነገር ግን በሳንባ የሚገቡት የሰመመን እንፋሎቶች፣ አይሶፍሉሬን፣ ሴቮፍሉሬንና ዴስፍሉሬን፣ ልቡናን የሚሰውሩት፣ በአብዛኛው ነርቭ ከነርቭ የሚነጋገርበትን መጋጠሚያ በማዳከም ስለ ሆነ፣ መልእክቱ ብዙ መጋጠሚያ ባለፈ መጠን ይደክማል። ስለዚህ ከጉልበት ጀርባ የሚለካው ሞገድ እምብዛም ሳይነካ፣ ከአንጎል ቅርፊት የሚለካው ያጥራል፣ ይዘገያልም፤ ወደ ጡንቻ የሚወርደው ትእዛዝ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ በቀላሉ ይጠፋል።

እነሆ፣ ብሎን በገባ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የእግሩ ሞገድ በግማሽ አጠረ እንበል፤ ይህም እንደ ልማዱ የማስጠንቀቂያው ልክ ነው። ለማነጻጸር ከሕሙሙ እጅ የሚለካው ሞገድም አብሮ ካጠረ፣ ጥርጣሬው ወደ እንፋሎቱ፣ ወደ ደም ግፊቱ ወይም ወደ ሰውነቱ ሙቀት ያዘነብላል፤ የእጁ ጸንቶ የአንድ እግር ብቻ ከወደቀ ግን፣ ሐኪሙ እጁን ሰብስቦ ብሎኑን ይመረምራል።

ይህ ፍርድ እንዳይደናገር፣ ሰመመን ሰጪው እንፋሎቱን ከተለመደው ልክ እስከ ግማሽ ዝቅ ያደርጋል፤ አለዚያም ፈጽሞ ትቶት ፕሮፖፎልን ከብርቱ የሕመም ማስታገሻ ጋር በደም ሥር ያንጠባጥባል፤ ጡንቻ የሚያላላውንም መድኃኒት፣ የመተንፈሻው ቱቦ ከገባ በኋላ፣ አይደግመውም። ከሁሉ በላይ ግን መጠኑን በድንገት አይለዋውጥም፤ መለወጥ ግድ ሲሆንበትም ቀድሞ «እንፋሎቱን ልጨምር ነው» ብሎ ድምፁን ያሰማል፤ ያን ያልሰማ፣ ሞገዶቹን የሚከታተል ባለሙያ፣ የመድኃኒቱን ጥፋት በብሎኑ ያላክካልና፣ ወይም ከዚህ በከፋ የብሎኑን በመድኃኒቱ።