«ባትሪው ሞቷል» ከማለት በፊት

ደብረ ብርሃን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። አጎቴ የድሮ ሃይሉክሱን ቁልፍ ሲያዞር ዳሽቦርዱ እንደ ወትሮው ቦግ አለ። ወደ ማስነሻው ሲያሳልፈው ግን ከቦኔቱ ሥር አንዲት «ቀጭ» ተሰማችና ሁሉም ነገር ድርግም አለ። መብራት የለ፣ ክላክስ የለ፣ ፍሬቻ የለ። በአካባቢው የነበሩ ሾፌሮች ከበቡን፤ ቦኔቱ ሳይነሳ ፍርዱ ተሰጠ፦ «ባትሪው ሞቷል፤ አዲስ ግዛ!» አጎቴ ገዛ። አዲሱ ሲገባ መኪናው ወዲያው ተነሳ። ሁሉም «አላልንህም?» አለ።

አሮጌውን ባትሪ ቤት ወስደን በቴስተር ስንለካው 12.6 ቮልት አሳየ። በኋላም የዘመድ መኪና ላይ ገብቶ ሁለት ክረምት አገልግሏል። ታዲያ ያን ዕለት መኪናውን ያስነሳው ምንድን ነው? ባትሪው ሲቀየር ማሰሪያዎቹ ተፈቱ፣ በላያቸው የጋገረው ነጭና አረንጓዴ ዝገት ተፋቀ፣ እንደገናም ጠበቁ። መድኃኒቱ ይኸው ነበር። እምነቱ ሥር የሰደደውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ባትሪ የቀየረ ሁሉ ሳያስበው ማሰሪያውንም ያጸዳል፤ ምስጋናው ግን ለአዲሱ ባትሪ ይሄዳል። የባትሪ ዋጋ የት እንደደረሰ እየታወቀ ሰው በዚህ ስህተት ገንዘቡን ሲያወጣ ማየት ያንገበግበኛል።

ባትሪ ብዙውን ጊዜ እያስጠነቀቀ ነው የሚደክመው። ሞተሪኖው ጠዋት ጠዋት ማቃሰት ይጀምራል፣ ሲያስነሱ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ይህም ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይቀጥላል። በውስጡ ያለው መገናኛ ተሰብሮ በቅጽበት የሚሞት ባትሪ አለ፤ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ጠፋ?» ሳይሆን «እንዴት ጠፋ?» መሆን አለበት። ትናንት ማታ ያለ ችግር የተነሳ መኪና ዛሬ በአንዲት «ቀጭ» ድርግም ካለ፣ ከባትሪው በፊት የሚጠረጠረው የሽቦው መገናኛ ነው።

እዚህ ላይ «መብራቱ ከበራ፣ ክላክሱም ከጮኸ ሽቦው ደህና ነው» የሚል ሌላ እምነት ይመጣል። ስሌቱ ግን ሌላ ይናገራል። ሁለቱ የፊት መብራቶች አንድ ላይ የሚስቡት ወደ 10 አምፒር ገደማ ነው። የናፍጣ ሞተር እመቃው ከባድ ስለሆነ ሞተሪኖው 200 አምፒርና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። የዛገ ማሰሪያ 0.05 ኦም የምታክል ተቃውሞ ብትኖረው፣ በመብራቱ ጊዜ የምትወስደው ግማሽ ቮልት ብቻ ስለሆነ ማንም አያስተውላትም። ለ200 አምፒር ግን ያቺው ዝገት 10 ቮልት ትፈልጋለች። ስለዚህ ሞተሪኖው ገና መሳብ ሲጀምር ቮልቱ ሁሉ ማሰሪያው ላይ ይቀራል፤ ለዳሽቦርዱም ለክላክሱም የሚተርፍ የለም። የአጎቴ መኪና ላይ የሆነው በትክክል ይህ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ራስ ላይ፣ ማለትም እርሳሱ ላይ ያድርጉ፤ ሌላውን የዚያው ራስ ማሰሪያ ላይ። ሌላ ሰው ቁልፉን ወደ ማስነሻው ያዙር። ዜሮ አካባቢ ካሳየ ማሰሪያው ጤነኛ ነው። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ጥፋተኛው ተገኘ። በሌላው ራስም ይድገሙት፤ ከኔጋቲቩ ራስ እስከ ሞተሩ ብረት ያለውንም አይርሱ፤ የድሮ መኪና ላይ የኔጋቲቭ ገመድ ጫፍ ዘይትና ጭቃ ለብሶ ይረሳል። ቴስተር ከሌለ ጥቂት ሙከራ ካደረጉ በኋላ ማሰሪያውን በእጅ ይንኩ፤ ሞቆ ከተገኘ እዚያ ጋ ነው። ሲፈቱ ኔጋቲቩን አስቀድመው፣ ሲያስሩ ደግሞ መጨረሻ ያድርጉ። ዝገቱን ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠው ያጥቡት። ኮካ ማፍሰስም ትንሽ ይሠራል፤ ስኳሩ ግን ቆሻሻ ይሰበስባል።

ማሰሪያዎቹ ንጹሕ ሆነው ዳሽቦርዱ ጭራሽ ካልበራ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ያለውን ዋና ፊውዝ ይመልከቱ። በብዙ የድሮ ፒክአፖች ላይ እሱ አጭር ሽቦ ነው፤ ሾርት ሲፈጠር ወይም በጃምፐር ሲያስነሱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ከተለዋወጡ ቀድሞ ይቀልጣል። ልባሱ ሳይቀደድ ውስጡ ሊቀልጥ ስለሚችል በዓይን ደህና ይመስላል፤ ሳብ ሲያደርጉት ግን እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። እዚህ ላይ «ፊውዝ ካጣህ በሽቦ ቀጥለው፣ ወይም የሲጋራ ወረቀት ጠቅልልበት» የሚለውን ምክር የሚሰማ ሰው መኪናውን ለእሳት አሳልፎ እየሰጠ ነው። ፊውዝ የተቀመጠው ሽቦውን ለማዳን ነው። ፊውዙ እንዲቀልጥ ካልተፈቀደለት ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ሽቦ ይቀልጣል።

ከሁሉም አብዝቼ የምቃወመው ግን ይህን ነው፦ «ዲናሞው መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ንቀል፤ ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው።» ይህን ሲያደርጉ በዓይኔ ያየሁባቸው ጋራዦች ብዙ ናቸው። ልማዱ የመጣበትን ዘመን ስሙ ራሱ ይናገራል። የድሮው እውነተኛ ዲናሞ ቀጥተኛ ኮረንቲ ስለሚያመነጭ የሚቃጠል ዳዮድ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ግን መኪኖች ወደ አልተርኔተር ተሸጋገሩ፤ እሱ የሚያመነጨውን ተለዋዋጭ ኮረንቲ ቀጥተኛ የሚያደርጉት ዳዮዶች ናቸው። መሣሪያው ተቀየረ፤ ስሙና የስሙ ልማድ አፋችንና እጃችን ላይ ቀሩ። ባትሪው ቮልቱን እንደ ትራስ ይዞ ያረጋጋዋል። ድንገት ሲነቀል ቮልቱ ከ40 በላይ ሊዘል ይችላል፤ ያኔ ዳዮዱ፣ ሬጉሌተሩ፣ ሬዲዮው ይቃጠላሉ። ጤነኛ ገብቶ በምርመራው የተበላሸ ዲናሞ ብዙ ነው። የናፍጣ መኪና ላይ ደግሞ ሞተሩ አለመጥፋቱ ብዙም አያስረዳም፤ ሲሠራ የሚፈልገው ኮረንቲ በጣም ትንሽ ነው። ትክክለኛው መንገድ ባትሪውን ሳይነኩ፣ ሞተሩ እየሠራ ሁለቱን ራሶች መለካት ነው። ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካሳየና መብራት ሲበራም ብዙ ካልወረደ ዲናሞው እየሞላ ነው። 12.5 ላይ ቆሞ እየወረደ ከሄደ አይሞላም።

«ናፍጣ ኮረንቲ አያስፈልገውም፤ ብቻ ይገፋ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ናፍጣ በእመቃ ሙቀት ይነዳል፣ ካንዴላ የለውም። ካንዴሌታውም የሚያግዘው በብርድ ሲነሳ ነው፤ ቢበላሽ ሞተሩ ነጭ ጭስ እያወጣ ያስቸግራል እንጂ መኪናውን አያጨልመውም። ነገር ግን እንደ ሃይሉክስ 2ኤል እና 3ኤል ባሉ ሞተሮች ፖምፓ ላይ በኮረንቲ የምትከፈት የናፍጣ መዝጊያ አለች። ኮረንቲ ካላገኘች ትዘጋለች። ባትሪው ደክሞ ሞተሪኖ ማዞር ብቻ ካቃተው መግፋት ይሠራል። ዋናው ፊውዝ ከቀለጠ ግን መንደሩ ሁሉ ቢገፋው አይነሳም፤ ጉልበት ከማባከን በፊት ቁልፉን ከፍቶ ዳሽቦርዱ መብራቱን ማየት ይበቃል።

መጨረሻ ያቆየሁት ሰው ሊሞትበት የሚችለውን ነው። «እየነዳሁ የባትሪ ምልክት ቢበራም ናፍጣ ስለሆነ እደርሳለሁ» ይባላል። በእነዚያው የሃይሉክስ ሞተሮች ላይ ፍሬኑን የሚያግዘውን ሰርቮ የምትመግበው የቫኪዩም ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ታስራለች። የፋን ቤልት ሲበጠስ ምልክቱ ይበራል፤ ከዲናሞው ጋር ፓምፗም ትቆማለች፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የውሃ ፓምፕም እንዲሁ። ሰርቮው ውስጥ የቀረው ለጥቂት ርግጫ ይበቃ ይሆናል፤ ከዚያ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ያቺ ቀይ የባትሪ መብራት ከዋሻው በፊት ከበራች መውረድ አይጀመርም፤ ዳር ይዞ መቆም፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ጎማ ሥር ድንጋይ ማድረግ፣ ከዚያ ቦኔቱን ከፍቶ ቤልቱን ማየት ነው።