ኔትወርክ የሚስብ ስልክ አለ? ከደጀን አፋፍ እስከ ጓዳ

ደጀን ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ አባይ በረሃ አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። ማዶ ያለችው ጎሃ ጽዮን በአየር መስመር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ መካከሉ ገደል እንጂ የሚጋርድ ነገር የለም። ለሬዲዮ ሞገድ ይህ ቅርብ ነው። የ2ጂ ኔትወርክ ስልኩ ከታወሩ እስከ 35 ኪሎ ሜትር ቢርቅም እንዲሠራ ተደርጎ የተነደፈ ነው። ወደ በረሃው ሲወረድ በየመታጠፊያው ጥሪው የሚቆረጠውም ታወሩ ስለራቀ ሳይሆን ተራራው ስለጋረደው ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ ታወሩ በመስኮት እየታየ፣ ጓዳ ሲገባ «ሃሎ፣ ሃሎ» ይጀመራል። ስለዚህች ጥቂት እርምጃ የሚወራው ብዙ ነው።

«የድሮው ኖኪያ ኔትወርክ ይስባል»

ከሚባሉት ሁሉ ለእውነት የሚቀርበው ይህ ነው፤ አልጠፋ ያለውም ለዚህ ይመስለኛል። ኔትወርክ የሚስብ ስልክ ግን የለም። ባለ ቁልፉ ስልክ የሚያውቀው 2ጂን ብቻ ነው። በአገራችን 2ጂ የሚሠራው በ900 እና በ1800 ሜጋኸርዝ ነው። ስማርት ስልኩ በበኩሉ መጀመሪያ 4ጂን፣ ቀጥሎ 3ጂን ይፈልጋል፤ እነዚህ በብዛት የሚገኙት 1800 እና 2100 ላይ ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ስልኮች የሚያዳምጡት የተለያየ ሞገድ ነው ማለት ነው።

የ900 ሞገድ አንዱ ርዝመት 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የ1800 17፣ የ2100 ደግሞ 14። ሜዳ ላይ እንኳ፣ ርቀቱና የታወሩ ጉልበት እኩል ቢሆን፣ በ1800 ለስልኩ የሚደርሰው በ900 ከሚደርሰው ሩብ ያህሉ ነው። አየሩ ስለበላው አይደለም፤ ሞገዱ ሲያጥር ለእሱ የሚሠራው የስልክ አንቴናም ስለሚያንስ የሚለቅመው ይቀንሳል። በዚህ ላይ ግድግዳው የራሱን ድርሻ ይወስዳል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው መልሱ ነው። ታወሩ በአሥር ቤት በሚቆጠር ዋት ይልካል፤ ስልኩ ደግሞ በዚያው መንገድ መመለስ አለበት። የ2ጂ ስልክ በ900 እስከ 2 ዋት፣ በ1800 እስከ 1 ዋት መላክ ይችላል። በ4ጂ ግን የተለመደው ጣሪያ 0.2 ዋት ነው። «እኔ እሰማቸዋለሁ፣ እነሱ ግን አይሰሙኝም» የሚለው አቤቱታ አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ስማርት ስልኩን ከሴቲንግ ገብቶ «2ጂ ብቻ» ላይ ማድረግና ሁለቱን ማወዳደር ይቻላል፤ የኖኪያው ብልጫ በአብዛኛው ይጠፋል። ኢንተርኔቱ ይንቀረፈፋል፤ ድምፁ ግን ጓዳ ይደርሳል።

«4ጂ ቤት ውስጥ አይገባም»

2ጂ፣ 3ጂ፣ 4ጂ የቴክኖሎጂ ትውልድ ናቸው፤ መልእክቱ በሞገዱ ላይ እንዴት እንደሚጫን ይነግሩናል እንጂ የትኛው ሞገድ እንደሆነ አይነግሩንም። 4ጂ በ800ም በ2600ም ሊሠራ ይችላል፤ በ800 የተላከው ከ1800 2ጂ የተሻለ ቤት ሊገባ ይችላል። ውጭ ወጥቶም ዳታ ጭራሽ እምቢ ካለና ጥሪ ብቻ ከሠራ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ ግድግዳ ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

«የሚከለክለው የቆርቆሮ ጣሪያው ነው»

ብረት ሞገድ አያሳልፍም፤ እስከዚህ ልክ ነው። ግን ታወሩ አናታችን ላይ አልተተከለም። አንቴናዎቹ ጉልበታቸውን የሚልኩት ጥቂት ወደ ታች ዘንበል ብለው ወደ ጎን ነው፤ ስለዚህ ፎቅ በሌለው ቤት ነገሩን በአብዛኛው የሚወስነው ግድግዳው ነው። የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ በጋ ላይ ሲደርቅ ደህና ያሳልፋል፤ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ይብስበታል፣ ይበልጥ የሚጎዳውም ከፍተኛው ድግግሞሽ፣ ማለትም የሜጋኸርዝ ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ሞገድ ነው። ብረት የገባበት ኮንክሪት ከጭቃው ይከፋል። በአዳዲስ ሕንፃዎች ላይ የሚያብረቀርቀው መስታወት ስስ የብረት ሽፋን ካለው ደግሞ፣ ከደረሰበት ሞገድ ከመቶ አንዱን ብቻ ሊያስገባ ይችላል።

አራቱም ጎኑ ቆርቆሮ የሆነ ሱቅ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ሞገዱ የሚገባው በበር፣ በመስኮትና በክፍተት ብቻ ነው፤ ከሞገዱ ግማሽ ርዝመት የጠበበ ቀዳዳ ደግሞ በጣም ያስቸግረዋል። የ900 ግማሽ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የ2100 ግን 7 ነው። የመስኮቱ ፍርግርግ ብረት 10 ሴንቲ ሜትር እየተራራቀ ከተበየደ፣ በተሻለ የሚሾልከው 2100 ነው። «ዝቅተኛው ድግግሞሽ ሁልጊዜ ቤት ይገባል» የሚለው የባለሙያዎች አባባልም እንግዲህ ቤቱን አይቶ የሚነገር ነው።

«ዝናብ ሲጥል ኔትወርክ ይጠፋል»

መጥፋቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ስልኩና ታወሩ መካከል የሚወርደው ዝናብ አይደለም። ከ900 እስከ 2600 ሜጋኸርዝ ላለው ሞገድ የሐምሌ ዶፍ እንኳ ከቁጥር አይገባም። ዝናብ ሞገድን በደንብ መብላት የሚጀምረው ከ10 ሺህ ሜጋኸርዝ በላይ ነው፤ አንዱን ታወር ከሌላው የሚያገናኙት ክብ አንቴናዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በዚያ አካባቢ ነው። መብረቁና የመብራት መጥፋቱም አሉ፤ የታወሩ ባትሪ ሲያልቅ ታወሩ ዝም ይላል።

«መስመሩ ሙሉ ስለሆነ ኔትወርኩ ጥሩ ነው»

በስክሪኑ ላይ የሚታዩት መስመሮች የሚነግሩን ስልኩ ምን ያህል እንደሚሰማ ብቻ ነው፤ አምራቾቹም መስመሩን የሚሰፍሩበት አንድ ወጥ መለኪያ የላቸውም። በገበያ ቀን ታወሩ ሲጨናነቅ መስመሩ ሙሉ ሆኖ ጥሪው ላይወጣ ይችላል።

«ከአሜሪካ የመጣ ስልክ ይበልጣል»

አሜሪካ የለመደችው 700፣ 850 እና 1900ን ነው። ኢትዮጵያ ከአውሮፓና ከተቀረው አፍሪካ ጋር በ900፣ 1800 እና 2100 ትሄዳለች። ዘመድ የላከው ስልክ ከዓመታት በፊት ለአሜሪካ ኩባንያዎች ብቻ የተሠራ ከሆነ ከእነዚህ አንዱ ሊጎድለው ይችላል፤ ዋጋው ስንትም ቢሆን ያልተሠራለትን ሞገድ አይሰማም። በአምራቹ ዝርዝር ላይ ባንድ 1፣ ባንድ 3 እና ባንድ 8 መኖራቸውን ማየት ነው፤ 2100፣ 1800 እና 900 ማለት ናቸው። አዳዲሶቹ ውድ ስልኮች አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም ይይዛሉ።

«ማጉያ ብገዛ ይገላግለኛል»

ማጉያው ራሱ ሞገድ ላኪ ነው። የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 በተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የሚመራ ሲሆን፣ ጥራት የሌለው ማጉያ ደግሞ የራሱን ድምፅ መልሶ እያጎላ ታወሩን ያደነቁራል፤ ጎረቤትም አብሮ ይቸገራል። ከዚያ በፊት በነጻ የሚሞከር አለ፤ ታወሩ ባለበት በኩል ወዳለው መስኮት መጠጋት፣ ለጥሪ 2ጂን መምረጥ፣ ስልኩን በመዳፍ አለመሸፈን። ቤት ውስጥ ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ አንዱ ቦታ ላይ ይደራረባል፣ ሌላው ላይ ይጠፋፋል። በጠፋበት ቦታና በበረታበት ቦታ መካከል ያለው ርቀት በ900 ከስንዝር እምብዛም አይበልጥም፤ በ1800 ደግሞ የዚያ ግማሽ ነው።