ላም ከመግዛት በፊት በረት ማደር

ከአዲስ አበባ በኮተቤ ወጥቶ፣ ለገጣፎንና ለገዳዲን አልፎ ወደ ደብረ ብርሃን በሚዘልቀው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ ሰንዳፋ ይደረሳል። ቅዳሜና እሑድ በዚህ መንገድ ላይ የሚታዩት የቤት መኪኖች ሁሉ ለሽርሽር የወጡ አይደሉም። ጥቂት የማይባሉት መሬት፣ በረትና ላም ፍለጋ የወጡ ናቸው። ደላላው ከፊት ወንበር ተቀምጧል። ወሬው «ስንት ትታለባለች?» ነው። ነጋዴው ሊትሩን በዋጋ፣ ዋጋውን በሠላሳ ቀን፣ ወሩን በአሥራ ሁለት ያባዛና ትርፉን እዚያው መኪናው ውስጥ ያገኘዋል።

ማባዛቱ ላይ ስህተት የለም። ስህተቱ ላሟ እንደ ኪራይ ቤት በየወሩ የምትከፍል መስሎ መታየቷ ነው። ደህና የተያዘች ላም በአንድ ዙር 305 ቀን ያህል ብትታለብ፣ ከመውለዷ በፊት ደግሞ 60 ቀን ያህል ማረፍ አለባት። ይህም በጊዜው ካረገዘች ነው። በጊዜው ካላረገዘች ግን ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል። ለመሆኑ በጊዜው ማርገዟን የሚያውቀው ማን ነው? ባለሀብቱ አዲስ አበባ ነው፤ ደላላው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄዷል፤ የሚቀረው ትናንት የተቀጠረ ጠባቂ ብቻ ነው።

በዚህ ሳምንት ገጻችን የሚመለከተው ለዚህ ችግር በሌላው ዓለም የቆየ መፍትሔ የሆነውን፣ በእኛም አገር በሌላ ሞያ የምናውቀውን መንገድ ነው፤ እርሻ ላይ እያደሩ፣ እየሠሩ መማርን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ከየኔታ ደጅ ጎጆ ቀልሶ ነው የሚማረው። የሸማኔ ልጅም ጥበቡን ያወቀው ከጉድጓዱ አጠገብ አድጎ እንጂ ኮርስ ወስዶ አይደለም። በጀርመን ገበሬ መሆን የሚሻ ወጣት ሦስት ዓመት በእርሻና በትምህርት ቤት መካከል እየተመላለሰ ይሠለጥናል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሱ ኮፓርድ የተባለች የለንደን ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1971 የከተማ ሰዎችን ቅዳሜና እሑድ ኦርጋኒክ እርሻ ላይ እያሠራ የሚያስተምር ማኅበር አቋቋመች፤ ይኸው ዛሬ ዉፍ ተብሎ በዓለም የሚታወቀው ነው። ሠራተኛው ጉልበቱን ይሰጣል፤ ባለ እርሻው ምግብ፣ መኝታና ዕውቀት ይሰጣል፤ ገንዘብ በመካከል አያልፍም። በእኛም አገር የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ስትራቴጂ 70 በመቶው ሥልጠና በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በተቋም እንዲሆን «የትብብር ሥልጠና» የሚል ሥርዓት አስቀምጧል። ይህ ሐሳብ ከጋራዥና ከሆቴል ይልቅ ለከብት በረት ይስማማል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ለምን ማደር?

ቀን ሄዶ ማታ መመለስ ለምን አይበቃም የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ ያለው ላሟ ዘንድ ነው። አንዲት ላም ኮርማ የምትፈልገው በአማካይ በየ21 ቀኑ ሲሆን፣ ምልክቱ ጎልቶ የሚቆየው ለሰዓታት ብቻ ነው። አብዛኛው ምልክት ደግሞ የሚታየው ከምሽት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ነው። ባለቤቱ በ3 ሰዓት ቁርሱን በልቶ ከአዲስ አበባ ሲደርስ ነገሩ አልፏል። የቆየው የአዳቃዮች ደንብ ጠዋት የታየችውን ማታ፣ ማታ የታየችውን በማግስቱ ጠዋት ማዳቀል ነው። ያለፈች ላም 21 ቀን ትጠብቃለች። አሥር ላም ያለው ሰው በእያንዳንዷ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያልፈው 210 የላም ቀን መኖ ያለ ምርት አበላ ማለት ነው። ይህን ኪሳራ የትኛውም ደረሰኝ ላይ አያገኙትም።

ጥጃም እንዲሁ ነው። እንገሩን በተወለደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካልጠጣ የእናቱን በሽታ መከላከያ ሳያገኝ ይቀራል፤ አንድ ቀን ካለፈ ደግሞ ቢጠጣም ሆዱ ያንን መከላከያ ወደ ደሙ አያሳልፍም። ላም ደግሞ ሌሊት መውለድ ትወዳለች እየተባለ ይቀለዳል። በረት አጠገብ ያላደረ ሰው ጠዋት የሚያገኘው ወይ የቆመ ጥጃ ወይ የሞተ ጥጃ ነው፤ መካከሉን አላየም፣ ስለዚህ አልተማረም።

የጡት በሽታም ከዚህ ይመደባል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጠብታዎች በጥቁር ጨርቅ ወይም በጥቁር ሳህን ላይ ሲታለቡ የረጋ ነገር ይታያል። እጇ የለመደ አላቢ ግን ጡቱ ሞቅ ማለቱንና ጠጠር ማለቱን ሳታይ ታውቀዋለች። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አይገኝም፤ የሚገኘው በማለዳው ቅዝቃዜ ተንበርክኮ በማለብ ነው። ሰንዳፋ ደጋ ነው፣ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ የዋዛ አይደለም፤ የውጭ ዝርያ ከብት የሚስማማው ግን ይኸው ብርድ ነው። ለማጁ ሌላም ነገር ይማራል። በዚህ አካባቢ ስለ ከብት ብዙ የሚያውቁት ሽማግሌዎች የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው። «ኦቦ» እና «አዴ» ብሎ ማክበር የማያውቅ የከተማ ልጅ ከእነርሱ የሚያገኘው ትምህርት ጥቂት ነው።

ፋጉሎ የገለጠው ጉድ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። «ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል በብዙዎቻችን ዘንድ የፈረንጅ ሱፐርማርኬት ወሬ ሆኖ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ግን ነገሩ ከደጃችን መሆኑን አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ በአዲስ አበባና ዙሪያዋ ባለው የወተት ቀጣና 110 የወተትና 156 የመኖ ናሙና ወስደው መርምረው ነበር። በሁሉም የወተት ናሙናዎች ውስጥ አፍላቶክሲን ተገኘ። የአውሮፓን መስፈርት ያለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ከአሜሪካው ላላ ያለ መስፈርት እንኳ ሩቡ ያህል በልጦ ተገኘ። ጥፋተኛው ማን ሆኖ ተገኘ ቢሉ በዋነኛነት የኑግ ፋጉሎ ነው።

አፍላቶክሲን እርጥበት ባገኘው እህልና ፋጉሎ ላይ ሻጋታ የሚያወጣው መርዝ ነው። ላሟ በመኖ የበላችውን በከፊል ለውጣ በወተት ትሰጠዋለች። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም። ዜናው በጊዜው ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ሰውን አስደንግጦ ነበር። ወተት ሻጩ ወሬው እስኪበርድ ጠበቀ፤ ፋጉሎ ሻጩም እንዲሁ።

ታዲያ ከራሱ መሬት የሚመግብ እርሻ ላይ የሚያድር ለማጅ እዚህ ላይ ነው ዋጋ ያለው ነገር የሚማረው። የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ለደጋ የሚስማሙ መኖዎች ላይ ለረጅም ዓመታት ሠርቷል። አጃን ከቬች ጋር ቀላቅሎ መዝራት፣ በአጥር ዙሪያ ትሪ ሉሰርን መትከል፣ ሣሩን በጊዜው አጭዶ በደንብ አድርቆ መከመር ሁሉ የተፈተኑ ዘዴዎች ናቸው። እነዚህ ፋጉሎን ሙሉ በሙሉ አይተኩም ይሆናል፤ ግን የሚገዛውን ይቀንሳሉ። የሚገዛው ሲቀንስ ደግሞ መርጦ፣ ደረቁን ለይቶ መግዛትና ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይቻላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒትና ቫይታሚን የሚገዛ ሰው ይህን ምክር ለጤና ሳይሆን ለኪሱ ብሎ ሊሰማው ይገባል።

እበቱም አለ። በከተማው ዙሪያ ኩበት ሸጦ ዩሪያ መግዛት የተለመደ ነው። ኦርጋኒክ እርሻ እበቱን ወደ ሣሩ ይመልሰዋል።

ስሙና ወረቀቱ

እዚህ ላይ ባለሀብቱ ጠንቀቅ ይበል። «ኦርጋኒክ ወተት» ብሎ ጠርሙስ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ማስረዳት ግን ከባድ ነው። ኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488ን ያወጣችው በ1998 ዓ.ም. ነው። ሆኖም በተግባር የምስክር ወረቀት ሥራ የጎለበተው ወደ ውጭ በሚላከው ቡናና በመሰሉት ላይ ነው። በአውሮፓ ደንብ አንዲት የወተት ላም ኦርጋኒክ ለመባል ስድስት ወር፣ በአሜሪካ ደግሞ አንድ ዓመት በኦርጋኒክ አያያዝ መቆየት አለባት። መሬቱ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። የመሬቱ ታሪክ ራሱ ይጠየቃል። ሰንዳፋ አጠገብ በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቆሻሻ መድፊያ ተከፍቶ፣ በገበሬዎች ተቃውሞ በዚያው ዓመት መቋረጡን ያስታውሷል። ውሃው ከየት ወዴት እንደሚወርድ ሳይጠይቁ መስክ መከራየት አይገባም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ለጊዜው ስሙን ትቶ አያያዙን መያዝ ይሻላል።

ድርቆሽና ጾም

ልምምዱ ስድስት ወር ይበቃል የሚሉ አሉ። አይበቃም፤ ምክንያቱም የወተት ንግድ ዓመቱን እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። በሰንዳፋና በሱሉልታ ሜዳ ድርቆሽ የሚታጨደው ክረምቱ ወጥቶ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ነው። አሥር ላም እያንዳንዷ በቀን 8 ኪሎ ድርቆሽ ብትበላ በዓመት 292 ኩንታል ነው፤ አንዱ እስር 15 ኪሎ ቢመዝን ወደ 1,950 እስር ይደርሳል። ይህን በመኸር ገዝቶ ያላስገባ ሰው በግንቦት የመኖ ነጋዴው እጅ ላይ ይወድቃል። ድርቆሽ ከላሟ ይልቅ አትራፊ ነው የሚል ነጋዴ ካለ ብዙም አልተሳሳተም፤ መጋዘን ካለው።

በሌላ በኩል ጾሙ አለ። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፤ የነቢያት፣ የሐዋርያት፣ የፍልሰታና የረቡዕ ዓርብ ጾም ሲደመር የምእመኑ የጾም ቀን ከ180 ይበልጣል። ላሟ ግን አትጾምም። ያን ጊዜ ወተት ይረክሳል፣ ቅቤና አይብ የማውጣት ሞያ ዋጋ ያገኛል፣ የቀዝቃዛ ማከማቻ ያለው ያተርፋል። ለማጁ ይህን አንድ ሙሉ ዙር ካላየ፣ ከሁዳዴ በኋላ ገብቶ ከፍልሰታ በፊት ከወጣ፣ ያየው ግማሹን ነው።

ውሉ

እውነቱን ለመናገር ይህ አሠራር በሁለቱም በኩል ሊበላሽ ይችላል። ባለ እርሻው «ሥልጠና» እያለ ነጻ ጉልበት ሊበላ ይችላል። ለማጁም ማዳቀሉንና ማለቡን እንዳወቀ ጎረቤት እርሻ በተሻለ ደመወዝ ሊገባ ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሥራ ልምምድ ውል የራሱ አንቀጾች አሉት፤ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ በሥልጠና ላይ የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታ ተለይተው መጻፍ አለባቸው። ከ15 ዓመት በታች ልጅ መያዝ አይፈቀድም። ከ18 በታች የሆነ ወጣት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መሥራት ስለሌለበት፣ የሌሊቱ ተራ ለአዋቂ ብቻ ነው።

ሱቁን ዘግቶ አንድ ዓመት በረት ማደር የማይችል ነጋዴ ምን ያድርግ? ሥራ አስኪያጅ የሚያደርገውን ሰው፣ ልጁም ይሁን የእህቱ ልጅ፣ በውል ይላከው። ራሱ ደግሞ በድርቆሽ፣ በሁዳዴና በክረምት ሁለት ሁለት ሳምንት ሄዶ ይደር። ለማጁን ለማቆየት ከገንዘብ ይልቅ የአባቶች ዘዴ ይሻላል። በሪቢ ከብት ሲሰጥ አሳዳጊው ከርቢው ድርሻ እንደሚያገኘው ሁሉ፣ ዓመቱን የጨረሰ ለማጅ አንዲት ጊደር ይዞ ይወጣል የሚል ቃል በውሉ ይግባ። ጊደሯን ሲያስብ የሌሎቹንም ላሞች ሌሊት ይነቃላቸዋል።

ለማጁ ወደ እርሻው ሲገባም፣ ባለሀብቱ ላም ሲገዛም አስቀድሞ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ ከብቶቹ ለሳንባ ነቀርሳና ለብሩሴሎሲስ ተመርምረዋል ወይ? ሁለቱም ወደ ሰው ይተላለፋሉ፤ ለማጁ ደግሞ ከከብቶቹ ጋር የሚውልና አጠገባቸው የሚያድር ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ከ88 የወተት እርሻዎች 2,956 ከብቶች መርምሮ 30 በመቶ ያህሉን የከብት ሳንባ ነቀርሳ የያዛቸው ሆነው አግኝቷቸዋል። የእንስሳት ጤና ምርመራውን ብሔራዊ ተቋም ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሰበታ ነው። በቆዳ ላይ የሚደረገው የነቀርሳ ምርመራ ግን ውጤቱ የሚነበበው ከ72 ሰዓት በኋላ ነው። ደላላው «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ዛሬውኑ ይክፈሉ» ሲል ሦስቱን ቀን ይጠብቁ፤ ሌላው ገዢ ይውሰዳት።